«አንድም መድፍ ያላስማረከ ጦር»? ስለ ዋሽንግተን አርቲለሪ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖችና በፌስቡክ ስለ ዋሽንግተን አርቲለሪ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው፣ ለኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። ላላነበባችሁት፣ ዋሽንግተን አርቲለሪ ማለት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ ለኮንፌዴሬሽኑ የተሰለፈ የኒው ኦርሊንስ መድፈኛ ሻለቃ ጦር ነው። በ1838 የተመሰረተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ በ1861 አራቱ ሻምበሎች ወደ ቨርጂኒያ ሄደው በጄኔራል ሊ ጦር ውስጥ እስከ 1865 ተዋጉ፣ አምስተኛው ሻምበል ደሞ በ1862 ተነስቶ በምዕራቡ ግንባር በሻይሎ፣ በፔሪቪል፣ በቺካማውጋ በኩል ዞረ።

ጸሐፊው ውጊያ መተረክ ይችሉበታል፣ ሳላቆም ነው ጨርሼ ያነበብኩት፣ መድፍ እንዴት እንደሚጎረስና ስድስት ፈረስ አንዱን መድፍ እንዴት እንደሚጎትት የጻፉት ክፍል በጣም ጥሩ ነው። ግን ከትረካው ስር አምስት ነገር ይላሉ፣ አምስቱም ላይ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ለመከላከል እንጂ ለባርነት አልተዋጉም ይላሉ። ሁለተኛ፣ በፍሬድሪክስበርግ የሰሜኑን ጄኔራል የበርንሳይድን ጦር ብቻቸውን ሰበሩት። ሶስተኛ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም መድፍ አላስማረኩም። አራተኛ፣ በጌቲስበርግ የዋሽንግተን አርቲለሪው ኮሎኔል ዋልተን ከተኩሱ አመራር ባይገፋና ፊውዙ (ቅምቡላው መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስነው) ባይበላሽ ደቡቡ ያሸንፍ ነበር። አምስተኛ፣ ኒው ኦርሊንስ ጥቁሩም ነጩም ከኋላቸው ነበር፣ ጦርነቱ ሲያልቅም በሰላም ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። ያሉትን አላጣመምኩም ብዬ አስባለሁ፣ አጣምሜ ከሆነ ያርሙኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ረዘም የሚለውም እሱ ነው። ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ ብዙዎቹ ወታደሮች የነጋዴ ልጆች፣ ጠበቆች፣ የንግድ ቤት ጸሐፊዎች ስለነበሩ በግላቸው ባሪያ አልነበራቸውም የሚል ነው። እሺ፣ ብዙዎቹ በስማቸው ባሪያ አልነበራቸውም የሚለውን እቀበላለሁ። ግን አንድ ጦር ለምን እንደዘመተ የሚታወቀው እኮ የእያንዳንዱን ወታደር ንብረት በመቁጠር አደለም፣ የላከው መንግስት ለምን እንደላከው ሲናገር ነው። ሉዊዚያና ደሞ በግልጽ ነው የተናገረችው። በፌብሩዋሪ 1861 ጆርጅ ዊሊያምሰን የሚባለው የሉዊዚያና መልእክተኛ ለቴክሳስ ጉባኤ ባቀረበው ንግግር ሉዊዚያና የደቡብ ኮንፌዴሬሽን እንዲመሰረት የምትፈልገው የአፍሪካውያንን ባርነት በረከት ጠብቃ ለማቆየት እንደሆነ ነው የነገራቸው። በረከት ነው ያለው። ይሄን ጠላት የጻፈባቸው አደለም፣ የራሳቸው ተወካይ ነው።

ከዚ የባሰ ለሻለቃው ቅርብ የሆነ ነገር አለ፣ ጸሐፊው ራሳቸው ጠቅሰውት ግማሹን ትተውታል። ሜይ 27 1861 ጦሩ ወደ ቨርጂኒያ ሊሳፈር ሲል የከተማው ሕዝብ ወጥቶ እንደሸኘውና አንድ «የተከበሩ ፓስተር» በማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው እንደባረኩት ጽፈዋል። ፓስተሩ ቤንጃሚን ፓልመር ነው። ፓልመር ማነው? ከስድስት ወር በፊት፣ ኖቬምበር 29 1860 በምስጋና ቀን፣ እዛው ኒው ኦርሊንስ ቤተክርስቲያኑ መድረክ ላይ ወጥቶ ደቡቡ ከእግዚአብሔር የተሰጠው አደራ ባርነትን አሁን ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ማስቀጠል ነው ብሎ የሰበከ ሰው ነው። ስብከቱ ታትሞ በመላው ደቡብ ተበትኗል፣ ሉዊዚያናን ለመገንጠል ካነሳሷት ነገሮችም አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። እንግዲህ መድፈኞቹ መድፋቸውን ይዘው ቆመው የስንብቱን ቃል ሲሰሙ ሰውየው ምን እንደሚያምን ያልሰማ ከመሃላቸው ነበር ማለት ይከብዳል፣ ከተማው ሁሉ ሰምቶታልና። የፓስተሩን ቡራኬ ከጻፉ ስሙንና ያስተማረውንም መጻፍ ነበረባቸው።

ሌላው ደሞ የነጋዴ ልጅ መሆን ከባርነት ነጻ አያደርግም። በ1860 ቆጠራ ሉዊዚያና ውስጥ 708,002 ሰው ነበር፣ ከዛ ውስጥ 331,726ቱ ባሪያ ነበሩ፣ ወደ ግማሽ ማለት ነው። ኒው ኦርሊንስ ደሞ በአሜሪካ ትልቁ የሰው መሸጫ ገበያ ነበረች። በከተማው የሚነገደው ጥጥና ስኳር ነው፣ ጥጡን የለቀመው ማነው፣ አገዳውን የቆረጠው ማነው? የንግድ ቤት ጸሐፊው መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው የማንን ጉልበት ፍሬ ነው? እርሻ ላይ ቆሞ ጅራፍ አለመያዝ አንድ ነገር ነው፣ ከሥርዓቱ ውጪ መሆን ሌላ ነገር ነው።

«ቤታቸውን ለመከላከል» የሚለውም ቢሆን ከካርታው ጋር አይገጥምም። ቤታቸው ኒው ኦርሊንስ በኤፕሪል 1862 መጨረሻ ላይ በሰሜኑ ባህር ኃይል እጅ ስትገባ አራቱ ሻምበሎች ቨርጂኒያ ነበሩ፣ ከዛ በኋላም እስከመጨረሻው ከተማዋ በፌዴራሉ እጅ ነበረች። በሴፕቴምበር 1862 ሜሪላንድ ገብተው አንቲታም ላይ ተዋጉ፣ በጁላይ 1863 ፔንሲልቬኒያ ገብተው ጌቲስበርግ ላይ ተዋጉ። ይሄ የሰው አገር ነው። የሊ ጦር ፔንሲልቬኒያ በገባበት ጊዜ ደሞ በተለይ ፈረሰኞቹ በቻምበርስበርግና በመርሰርስበርግ አካባቢ ያገኟቸውን ጥቁሮች፣ ነጻ ሆነው የተወለዱትን ጭምር፣ ሴቶችና ህጻናትን ሳይቀር እየያዙ ለባርነት ወደ ደቡብ ነድተዋል። መድፈኞቹ አደረጉት እያልኩ አደለም። ግን መድፋቸው መንገድ የሚከፍተው ለዚህ ጦር ነበር፣ እና የሄዱበትን ዓላማ ከሱ ለይቶ ማየት አይቻልም።

ወደ ፍሬድሪክስበርግ ልለፍ። ቨርጂኒያ የምንኖር ሀበሾች ሀይዌይ 95ን ይዘን ወደ ሪችመንድ በወረድን ቁጥር በአጠገቡ እናልፋለን፣ ላልሄዳችሁ ግቡና እዩት፣ መግቢያውም ነጻ ነው። ጸሐፊው ዲሴምበር 13 1862 ዘጠኝ የዋሽንግተን አርቲለሪ መድፎች ማሪ ሃይትስ ኮረብታ ላይ ሆነው የበርንሳይድን ጦር «ብቻቸውን» ሰበሩት ይላሉ። ዘጠኝ መድፍ መሆኑ ልክ ነው። አስከፊ ጉዳት ማድረሳቸውም ልክ ነው፣ በተለይ ከከተማው ወጥቶ ወደ ኮረብታው በሚወስደው ሜዳ መሃል አንድ የውሃ ቦይ አለ፣ ወታደሩ እሱን በጠባብ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ ሲሻገር ቅምቡላው መሃሉ ነበር የሚያርፈው። ይሄን ማንም አይክድም።

ግን እዛ ቦታ ላይ ቆማችሁ ስታዩት ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። መድፎቹ ከላይ ናቸው፣ ከስራቸው በተቦረቦረው መንገድ ዳር በሰው ደረት ቁመት ያህል የድንጋይ ግንብ አለ፣ ከግንቡ ጀርባ ደሞ የደቡቡ ጄኔራል ኮብ የጆርጂያ እግረኞች፣ በኋላም የኖርዝ ካሮላይናና የሳውዝ ካሮላይና ሰዎች ተደርድረው ነበር፣ ከፊት ያለው ሲተኩስ ከኋላ ያለው ጠመንጃ እያጎረሰ ያቀብላል፣ ተኩሱ አይቋረጥም። ከደርዘን በላይ ብርጌድ አንዱ ካንዱ ኋላ መጥቶ እዛ ግንብ ፊት ነው የወደቀው። የአይሪሽ ብርጌድ 1,200 ገደማ ሰው ይዞ ገብቶ 545ቱን አጣ። በጠቅላላው የሰሜኑ ጦር ከ12,000 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ቆስሎበታል፣ ጠፍቶበታል፣ አብዛኛው ደሞ እዚህ ኮረብታ ስር ነው። ይሄን የግንቡ እግረኛ ሳይኖር ዘጠኝ መድፍ ያደርገዋል ማለት የእግረኛውን ድርሻ መዝረፍ ነው፣ ጄኔራል ኮብ ራሱ እዛው ቆስሎ ሞቷል እኮ።

ደሞ «ብቻቸውን» የሚለውን የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፣ ጸሐፊው አላነሱትም። ከሰዓት በኋላ ገና ውጊያው ሳያልቅ ሻለቃው ጥይት ጨርሶ መድፎቹን ስቦ ወጣ፣ ቦታውን የተካው ሌላ የደቡብ ጦር፣ የኮሎኔል አሌክሳንደር መድፈኛ ሻለቃ ነው። እንደውም ከታች ያሉት የሰሜን አዛዦች መድፎቹ ከኮረብታው ሲወርዱ አይተው ደቡቡ እየሸሸ ነው ብለው አስበው ሌላ ጥቃት ላኩ፣ እሱም እዛው ግንብ ፊት ቀረ። እና ጸሐፊው ለመድፈኞቹ የሰጡት «እኛ ስንከፍት እዛ ሜዳ ላይ ዶሮ እንኳ አትተርፍም» የሚለው ዝነኛ አባባልም የዋሽንግተን አርቲለሪ ሰው የተናገረው አደለም፣ የራሱ የአሌክሳንደር ነው፣ ለአለቃው ለደቡቡ ጄኔራል ለሎንግስትሪት ነው የተናገረው፣ ሎንግስትሪት ነው የተረከውም። ጸሐፊው አባባሉን አንስተው ለሌላ ሰጡት፣ በብዙ ጽሑፍ ላይ ተምታቶ ስለሚገኝ ትንሽ ስህተት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ሶስተኛው ነጥብ ግን አይታለፍም፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ርዕስ ያደረገው እሱን ነው። «አንድም መድፍ ያላስማረከ ጦር» ይላል። ከፍሬድሪክስበርግ ድል አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሜይ 3 1863፣ እዛው ማሪ ሃይትስ ላይ፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሴጅዊክ ስድስተኛ ኮር ግንቡን ዘሎ ኮረብታውን ያዘ። በዛን ቀን ዋሽንግተን አርቲለሪ ስድስት መድፍ አስማረከ፣ የአንደኛው ሻምበል አዛዥ ካፒቴን ስኳየርስም ተማረከ። ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ፣ ዲሴምበር ላይ ግንቡን የሞላው እግረኛ አሁን የለም፣ ሊ ዋናውን ጦር ይዞ ወደ ቻንስለርስቪል ሄዶ ግንቡን የሚጠብቁት የባርክስዴል ጥቂት ሚሲሲፒዎች ብቻ ነበሩ። መድፈኞቹ ያው ናቸው፣ ኮረብታው ያው ነው፣ ግንቡ ያው ነው፣ የጎደለው እግረኛው ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተያዘ። ለኔ ሁለተኛውንም ሶስተኛውንም ነጥብ ባንዴ የሚመልስ ቀን ይሄ ነው። አምስተኛው ሻምበልም ኖቬምበር 25 1863 ሚሽነሪ ሪጅ ላይ መድፎቹን አጥቷል። መድፍ ማስማረክ ነውር አደለም፣ በዛን ጊዜ ጎበዝ የሚባሉ የሁለቱም ወገን ባትሪዎች አስማርከዋል። ግን ያልሆነውን ሆነ ብሎ ርዕስ ማድረግ ነውር ነው።

ጌቲስበርግ ላይ የተወሰነውን እቀበላለሁ። ጁላይ 3 1863 ከሰዓት 1 ሰዓት ገደማ (በፈረንጅ) የመድፍ ድብደባው ይጀመር የሚለውን ምልክት የሰጡት ሁለት ተኩሶች ከዋሽንግተን አርቲለሪ ከሚለር ሻምበል ነው የወጡት፣ ይሄ እውነት ነው። የፊውዙም ነገር መሰረት አለው። ማርች 13 1863 ሪችመንድ ብራውንስ አይላንድ ላይ ያለው የጥይት ፋብሪካ ፈንድቶ ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፣ ከዛ በኋላ ፊውዝ ከሌላ ቦታ መምጣት ጀመረ፣ በኋላ ሲሞከርም የተለመደው ፊውዝ ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቆይቶ ነው የሚነደው፣ ስለዚ ቅምቡላው ኢላማውን አልፎ ሄዶ ይፈነዳል። ይሄ ጉዳት ነው፣ እሺ።

ግን ከዚህ ተነስቶ «ዋልተን አዛዥ ቢሆን ኖሮ እናሸንፍ ነበር» ማለት በጣም ሩቅ ዝላይ ነው። የዛን ቀን ደቡቡ ያሰለፈው መድፍ 150 ገደማ ነው፣ የዋሽንግተን አርቲለሪ ድርሻ አስር ገደማ ብቻ። ሎንግስትሪት የተኩሱን አመራር ለአሌክሳንደር መስጠቱና በማዕረግ የሚበልጠው ዋልተን ቅር መሰኘቱ የታወቀ ነው፣ ከጦርነቱም በኋላ ለዓመታት ተከራክረውበታል። ግን ዋልተን ምን አዲስ ነገር ያደርግ ነበር? ፊውዙን አይቀይርም። ጭሱን አይገፋም፣ ጭሱ ደሞ ቅምቡላው የት እንዳረፈ እንዳያዩ ያደረገ ዋናው ነገር ነው። የጥይት ጋሪዎቹን ወደ ኋላ ያራቀው የጦሩ የመድፍ ኃላፊ ፔንድልተን ነው፣ እሱም ከዋልተን ስልጣን በላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ጸሐፊው የረሱት ማዶ ያለውን ሰው ነው። የሰሜኑ የመድፍ ኃላፊ ሄንሪ ሀንት መድፎቹ ቀስ በቀስ ተኩስ እንዲያቆሙ አደረገ፣ ጥይት ለእግረኛው ጥቃት እንዲተርፍ። አሌክሳንደር መድፎቹ ሲነሱ አይቶ የሰሜኑ መድፍ ደከመ ብሎ ገመተ፣ ቶሎ ኑ ብሎ ለእግረኛው አዛዥ ለጄኔራል ፒኬት ላከ። ከዛ 12,500 ገደማ ሰው አንድ ማይል ያህል ገላጣ ሜዳ ሊሻገር ወጣ፣ ከግማሽ የማይተናነሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይ ተማረከ። ሁልጊዜ «እኛ ተሳስተን ነው እንጂ» እያሉ መጻፍ ማዶ ያለው ሰው ምንም እንዳላሰበ ያደርገዋል። ሀንት አስቦ ነው የተዋጋው፣ የተሸነፉትም በሱ ነው።

አምስተኛው ላይ «ጥቁሩም ነጩም ከኋላቸው ነበር» ላሉት ያቀረቡት በ1861 ነጻ ጥቁሮች ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኔቲቭ ጋርድስ የሚባል ለደቡቡ የተሰለፈ ሚሊሻ ማቋቋማቸውን ነው። መቋቋሙ እውነት ነው። ግን ወደ ውጊያ አንድ ቀን አልተላከም፣ ከተማዋ ስትያዝም ተበተነ። ከዛስ? በሴፕቴምበር 1862 በዛው ስም የሰሜኑ ጦር ሲመሰረት ከቀድሞዎቹ የተወሰኑት ገቡበት። አንዱ አንድሬ ካዩ ነው፣ በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣ፣ ሲጋር እየጠቀለለ የሚተዳደር የነበረ ሰው። ሜይ 27 1863 ፖርት ሃድሰን ላይ ካፒቴን ሆኖ ሰዎቹን እየመራ ወደ ደቡቡ ምሽግ ሲሮጥ ተገደለ፣ ሬሳው ምሽጉ እስኪወድቅ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ቆየ፣ ኒው ኦርሊንስ መጥቶ ሲቀበር የከተማው ጥቁር ሕዝብ ጎዳናውን ሞልቶ ነው የሸኘው። ቀኑን ልብ በሉ፣ ዋሽንግተን አርቲለሪ በፓልመር ተመርቆ ከዛችው ከተማ ከወጣ ልክ ሁለት ዓመቱ ነው። በአጠቃላይ ሉዊዚያና ለሰሜኑ ከ24,000 በላይ ጥቁር ወታደር አሰልፋለች፣ ከሁሉም ክፍለ ግዛት የሚበልጥ ቁጥር ነው። «የኒው ኦርሊንስ ልጆች» ሲባል እነዚህም የኒው ኦርሊንስ ልጆች ናቸው።

«በሰላም ተመለሱ» የሚለው ላይ ጸሐፊው ራሳቸው የተረኩትን አንድ ታሪክ ነው የምይዘው። ሴፕቴምበር 17 1862 አንቲታም ላይ፣ ከፓይፐር እርሻ አጠገብ፣ የሚለር መድፈኞች አልቀው መድፎቹ ሰው ሲያጡ የጄኔራል ሎንግስትሪት ረዳት መኮንኖች ከፈረስ ወርደው መድፉን ራሳቸው ተኮሱ፣ ሎንግስትሪት ተረከዙ ቆስሎ በነጠላ ጫማ ቆሞ ፈረሶቻቸውን ያዘላቸው። እውነት ነው፣ ጀግንነትም ነው፣ ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። ግን ታሪኩ እዛ ላይ አያልቅም። ይሄው ሎንግስትሪት ከጦርነቱ በኋላ ኒው ኦርሊንስ ኖሮ፣ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የያዘውን አዲሱን ሕግ ተቀብሎ፣ የሉዊዚያና ሚሊሻ አዛዥ ሆነ፣ አብዛኛው ሚሊሻ ጥቁር ነበር። ሴፕቴምበር 14 1874 ዋይት ሊግ የሚባለው የታጠቀ ድርጅት፣ የከተማው የቀድሞ ኮንፌዴሬት ወታደሮች የሞሉበት፣ የተመረጠውን መንግስት ለመገልበጥ በሺዎች ሆኖ ካናል ጎዳና ላይ ወጣ። ሎንግስትሪት ከፖሊስና ከሚሊሻው ጋር ሆኖ ቆመባቸው፣ በጥይት ተመቶ ከፈረሱ ወረደና ተማረከ፣ መንግስቱ የተመለሰው የፌዴራል ጦር ሲገባ ነው። ለዚህ ግልበጣ በ1891 ሐውልት ቆመለት፣ በ1932 የነጭ የበላይነትን የሚያወድስ ጽሑፍ ተጨመረበት፣ የተነሳው በ2017 ነው። የአንቲታሙን ሎንግስትሪት የወደደ ሰው የ1874ቱን ሎንግስትሪት እንዴት ያልፈዋል? ያው አንድ ሰው ነው፣ ከተማውም አንድ ነው።

ጸሐፊው በክፍል ሁለት ስለ አምስተኛው ሻምበል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል፣ እኔም እጠብቃለሁ፣ ሻይሎንና ቺካማውጋን እንደሚያሳምሩት አልጠራጠርም። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ ሚሽነሪ ሪጅን እንዳይዘሉት፣ እና የክፍል አንዱን ርዕስ እንዲያርሙት፣ ምክንያቱም ሼር የሚያደርገው ሰው አብዛኛው የሚያነበው ርዕሱን ነው።